ስለ ክብደታችንና ስለ አመጋገባችን ያለን ግምት ከእውነታው ለምን ይራራቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ክብደት የሚደረጉ ውይይቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «ምን ልብላ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት መነሣት ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አሁን የምበላውን መጠንና አሁን ያለኝን ሰውነት በትክክል አውቀዋለሁን? የሰው ልጅ በቀን የሚያወጣውን ኃይል በትክክል መለካት ከተቻለ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኞቻችን አናውቀውም፤ በምናስበውና በሚለካው መካከል ያለውም ልዩነት ቀላል የሚባል አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት እንጂ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምበላው በጣም ጥቂት ነው፤ ታዲያ ክብደቴ ለምን አይቀንስም?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የሚጠይቁትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከልባቸው ስለሆነ ሰፋ ያለ መልስ ይገባቸዋል። በ1992 በኒው ዮርክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የመጡ ሰዎችን መረመሩ። ሰዎቹ በቀን ከ1200 ኪሎ ካሎሪ በታች እየበሉ ክብደታቸው አልቀንስ እንዳላቸው የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥልበት ፍጥነት ከሌላው ሰው የዘገየ እንደሆነም ያምኑ ነበር። ሲለካ ግን ፍጥነቱ በክብደታቸው ልክ ከሚጠበቀው ብዙም የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በትክክል ከበሉት ውስጥ በአማካይ 47 በመቶ የሚሆነውን ሳይመዘግቡ ቀርተዋል፣ የሰውነት እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ ከነበረው በ51 በመቶ አብዝተው ገልጸዋል።

ይህ ሊታወቅ የቻለው ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ቃል ብቻ ተቀብለው ባለመቅረታቸው ነው። ተመርማሪው ከተለመደው ከበድ የሚሉ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች ያሉበትን ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወትሮው ኑሮውን ይኖራል፣ አልፎ አልፎም የሽንት ናሙና ይሰጣል። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ሲሆን ኦክስጅኑ ግን በውሃም፣ በምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ሁለቱ ከሰውነት የሚወጡበት ፍጥነት ልዩነት ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተመረተ፣ ስለዚህም ምን ያህል ኃይል እንደተቃጠለ ያመለክታል። የአንድ ሰው ክብደት ብዙም ሳይለወጥ ከቆየ የበላው ካቃጠለው ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ በማስታወሻው ላይ የጻፈው ከዚህ በእጅጉ ካነሰ የጎደለው ማስታወሻው ነው። ዘዴው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ጥቅም ላይ የዋለው በ1982 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ሰዎች የሚበሉትን አሳንሰው እንደሚገልጹ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታዲያ ሰዎች እየዋሹ ነው ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። በሙያቸው ምግብ የሚያሰሉ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ራሳቸው በዚሁ መንገድ ሲመረመሩ ስህተታቸው ከሌላው ሰው ያነሰ ሆኖ ቢገኝም፣ እነርሱም የበሉትን አሳንሰው ጽፈዋል። በሙያው የሠለጠነ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በሌላው ሰው ላይ እንደ ውሸት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። በሽተኛው «አልበላም» ሲል ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ማለፉም ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም፤ ያልታመነ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም።

ትክክለኛው ምክንያት የማስታወስ ችሎታ አሠራር ነው። ሰው የሚያስታውሰው «ምግብ በላሁ» ብሎ የመዘገበውን ነው፤ ይኸውም ቁጭ ብሎ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በሳህን ቀርቦለት የበላውን ነው። ወጥ ቤት ቆሞ ጨው ለመቅመስ የወሰደው ጭልፋ፣ ልጁ ያስተረፈውን እንዳይጣል ብሎ የጨረሰው፣ ሥራ ላይ ሆኖ ከጠረጴዛው ላይ ያነሣው ብስኩት፣ ከሻይ ጋር የገባው ስኳር እንደ ምግብ ስለማይቆጠሩ አይመዘገቡም። ማታ ላይ «ዛሬ ምን በላህ?» ቢባል ሁለት ማዕድ ይጠቅሳል፤ የተናገረውም እውነት መስሎት ነው።

ማስታወስ ከመብላት ጋር ምን ያህል የተያያዘ እንደሆነ በ1998 የታተመ አንድ ጥናት በሚያስደንቅ ሁኔታ አሳይቷል። አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታቸውን በከባድ ሁኔታ ያጡ ሁለት ሕሙማን ምሳ በልተው ከጨረሱ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ ሲቀርብላቸው በሉት፤ ሦስተኛ ሲቀርብላቸውም አብዛኛውን ጊዜ መብላት ጀመሩ። ሆዳቸው ሙሉ ነበር፤ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም ነበር። ስለዚህ «ጠገብኩ» የምንለው ከጨጓራ በሚመጣ መልእክት ብቻ ሳይሆን፣ መብላታችንን በማወቃችንም ጭምር ነው።

የምግብን መጠን በዓይን መገመት የሚያዳግተው ለምንድን ነው?

ዓይን የሚያነጻጽረው ነገር ይፈልጋል። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ምግብ በሰፊ ሳህን መካከል ሲቀመጥ ያነሰ፣ በጠባብ ሳህን ሞልቶ ሲቀርብ የበዛ ይመስላል። የቀረበው መጠን እየጨመረ በሄደ ቁጥርም የጭማሪው ስሜት ይደበዝዛል፤ በትንሽ ሳህን ላይ አንድ ጭልፋ ቢታከል ወዲያው ይታያል፣ በትልቅ ትሪ ላይ ግን ያው አንድ ጭልፋ ልብ ሳይባል ያልፋል። በመሆኑም ትልቅ ማዕድ ከትንሽ ማዕድ የበለጠ አሳንሶ የመገመት አደጋ አለው፤ ብዙ የሚበላ ሰው የበለጠ የሚሳሳተውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በ2002 በወጣ ጥናት ሰዎች በተለያዩ ቀናት የተለያየ መጠን ያለው ፓስታ ቀርቦላቸው የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። ትልቁ መጠን በቀረበበት ቀን፣ ትንሹ ከቀረበበት ቀን ይልቅ 30 በመቶ ያህል አብልጠው በልተዋል፤ ሆኖም የሚቀርብላቸው መጠን ይለያይ እንደነበር ያስተዋሉት ከግማሽ ያነሱ ናቸው።

ከመጠኑም በላይ የሚያሳስተው ግን ኃይል በምግብ ውስጥ የተከማቸበት መጠን ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ሲይዝ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ያህል ብቻ ይይዛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 120 ኪሎ ካሎሪም ይሰጣል። አሁን ዘይት ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ መጥበሻ ሲፈስ ይመልከቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ሲፈስ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ሊገባ ይችላል፣ ምግቡ ከበሰለ በኋላም አይታይም። ሳህኑ ላይ የሚታየው አትክልት ነው፤ ከኃይሉ አብዛኛው ግን ከማይታየው ዘይት የመጣ ሊሆን ይችላል። «አትክልት ብቻ ነው የምበላው» የሚል ሰው የሚናገረው ያየውን ነው።

ሰውነት ራሱ በቃኝ ማለት የለበትምን?

ይላል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎና በግርድፉ ነው የሚለው። በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት እየመነጨ ስለ ተከማቸው ስብ ለአንጎል መልእክት ያደርሳል፤ በ1999 የታወቀው ግሬሊን ደግሞ ከጨጓራ እየመነጨ ረሃብን ይቀሰቅሳል። ይህ ሥርዓት ክብደት እንዳይቀንስ አጥብቆ ሲከላከል፣ እንዳይጨምር ግን የዚያን ያህል አይከላከልም። ከአንጀት የሚመጣው የጥጋብ መልእክትም ጊዜ ይፈልጋል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተጠናቀቀ ማዕድ መልእክቱ ሳይደርስ ያልቃል። በፈሳሽ መልክ የሚወሰድ ስኳር ደግሞ ተመሳሳይ ኃይል ካለው ጠጣር ምግብ ያነሰ የጥጋብ ስሜት ይፈጥራል።

በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተካሄደ ሙከራ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። 20 ሰዎች በተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ቀርቦላቸው የፈለጉትን ያህል በሉ። የሁለቱም ዓይነት ማዕዶች ሲቀርቡ በካሎሪ፣ በስኳር፣ በስብና በአሰር (ፋይበር) መጠን የተመጣጠኑ ነበሩ። ያም ሆኖ በተቀነባበረው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በአማካይ 0.9 ኪሎ ግራም ጨመሩ። ተሳታፊዎቹ ሁለቱን ምግቦች በጣዕም ደስታ ረገድ በተቀራራቢ ደረጃ መመዘናቸው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ትርፉን የበሉት ምግቡ የበለጠ ስለጣፈጣቸው እንዳልሆነ ያመለክታልና። የተቀነባበረውን ምግብ ግን ፈጠን ፈጠን ብለው ነበር የሚበሉት።

በመስታወት የማየው ሰውነቴስ? እሱም ያሳስታልን?

መስታወቱ አያሳስትም፤ የሚሳሳተው ዳኛው ነው። ሰው ሰውነቱን የሚመዝነው በዙሪያው ባያቸው ሰዎች ልክ ነው። በአካባቢው አብዛኛው ሰው ወፍራም ከሆነ ዓይኑ ያንን እንደ መደበኛ ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት ክብደታቸው ከሚመከረው በላይ የሆነ ብዙ ሰዎች ራሳቸውን «መካከለኛ» ብለው ይገልጻሉ። በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ተመርጠውና ተስተካክለው የቀረቡ ቀጫጭን ሰውነቶችን በስልኳ የምታይ ወጣት፣ ክብደቷ ጤናማ ሆኖ ሳለ ወፍራም ነኝ ብላ ልታምን ትችላለች። ሁለቱም ስህተቶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ የተለያየው መለኪያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለውጡ አዝጋሚ መሆኑ ነው። በዓመት አንድ ኪሎ የሚጨምር ሰው ትናንትና ዛሬ መካከል ምንም ልዩነት አያይም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አሥር ኪሎ ጨምሯል፣ አዲሱን ሰውነት ግን ከለመደው ቆይቷል። ልብስም ይተባበራል፤ የሚለጠጥ ጨርቅና ከሆድ በታች የሚታሰር ቀበቶ ማስጠንቀቂያውን ያዘገዩታል። ከዚህም ሌላ በሆድ ውስጥ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ፣ ማለትም ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የተያያዘው ስብ፣ ከውጭ ሲታይ ቀጭን በሚመስል ሰው ላይም ሊኖር ይችላል።

ሰዎች ስለ ራሳቸው መጠን ሲጠየቁ ክብደታቸውን ቀነስ፣ ቁመታቸውን ከፍ አድርገው የመናገር ዝንባሌ እንዳላቸውም በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። ሁለቱ ስህተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያደሉ፣ ክብደት በቁመት ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው ቢኤምአይ በቃል መረጃ ላይ ብቻ ሲሰላ ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

ወላጆች የልጆቻቸውን ክብደት በትክክል ያውቃሉን?

ብዙዎቹ አያውቁም። የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠናቀረ በ2014 የታተመ ጽሑፍ፣ ክብደታቸው ከመጠን በላይ ከሆነ ልጆች ወላጆች መካከል ግማሽ ያህሉ የልጃቸውን ክብደት አሳንሰው እንደሚያዩ አመልክቷል። ልጅ በየቀኑ ስለሚያድግ ማነጻጸሪያው ራሱ አይረጋም፤ ፍቅርም ዓይንን ያለሳልሳል። ለዚህ የሚበጀው ሕፃኑን በቃል መውቀስ ሳይሆን፣ ቁመቱንና ክብደቱን በጤና ተቋም አስለክቶ በእድሜው የእድገት ሰንጠረዥ ላይ ማየት ነው።

ትናንትና ዛሬ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ለየ፤ ስብ ጨመርኩ ማለት ነው?

በፍጹም አይደለም ማለት ይቻላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ በአንድ ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልገው በላይ 15,000 ኪሎ ካሎሪ መብላት ይጠይቅ ነበር። የተለዋወጠው ውሃ ነው። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ያህል ግላይኮጅን የተባለ የስታርች ዓይነት ክምችት ሊኖር ይችላል፣ እያንዳንዱ ግራምም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ ዑደት፣ ከባድ ስፖርትና የሆድ ድርቀትም ሚዛኑን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

በእኔ እምነት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ጥረታቸውን ከሚተዉባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህን አለማወቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በአብዛኛው ውሃ ስለሚወጣ ሚዛኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሰውየውም በዚያው ፍጥነት የሚቀጥል ይመስለዋል። በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛው ስብ በዝግታ እየቀነሰ ሳለ ውሃው ተመልሶ ሲሸፍነው «ምንም አልሠራም» ብሎ ያቆማል። የአንድ ቀን ቁጥር የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሰባት ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል ጠዋት ከምግብ በፊት፣ የተመዘነው ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል የሚገኘው አማካይ ከሚቀጥለው ሳምንት አማካይ ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ይናገራል።

የወፈርኩት እድሜዬ ሲገፋ ሰውነቴ ኃይል ማቃጠል ስለቀነሰ አይደለምን?

ይህ እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም ልኬቱ አይደግፈውም። በ2021 የታተመና ከ29 አገሮች የተሰበሰበ የ6400 ሰዎች መረጃ የያዘ ጥናት እንዳሳየው፣ የሰውነት መጠንና የጡንቻ ብዛት ግምት ውስጥ ሲገባ፣ ኃይል የማቃጠል ፍጥነት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም፤ ከ60 በኋላ ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። በአርባዎቹ እድሜ የሚለወጠው በአብዛኛው የእንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍና የጡንቻ መጠን ነው፤ እነዚህም ቀስ እያሉ ስለሚለወጡ ልብ አይባሉም።

በስፖርት የማቃጥለውስ?

በአብዛኛው ከምናስበው ያንሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለአንድ ሰዓት በመጠነኛ ፍጥነት ቢራመድ 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል፤ ይህም ከላይ ከጠቀስነው ዘይት ሁለት ማንኪያ ያህል ነው። በእጅ ላይ የሚታሰሩ መለኪያዎችም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ የሚታመኑ አይደሉም፤ በ2017 ሰባት መሣሪያዎችን የፈተሸ ጥናት የልብ ምትን ባመዛኙ በደንብ እንደሚለኩ፣ የተቃጠለን ኃይል ሲያሰሉ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ እንደሚሳሳት አሳይቷል። ስፖርት ለልብ፣ ለስኳር ቁጥጥር፣ ለእንቅልፍና ለመንፈስ ያለው ጥቅም ከክብደት የተለየና እጅግ ትልቅ ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት ማንም ሊተወው አይገባም።

ጓደኛዬ የፈለገውን ይበላል፤ አይወፍርም። ይህስ?

የምናየው ከእኛ ጋር ሲበላ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ምሳ መዝለሉን አናይም። ሆኖም እውነተኛ ልዩነትም አለ። በ1999 በታተመ ሙከራ 16 ሰዎች ለስምንት ሳምንት በየቀኑ 1000 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ እንዲበሉ ሲደረግ፣ አንዱ የጨመረው ስብ 0.36 ኪሎ ብቻ ሲሆን ሌላው ግን 4.23 ኪሎ ጨምሯል። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ሆኖ የተገኘው ሰዎቹ ሳያውቁት የሚያደርጉት መንቀሳቀስ፣ መቆም፣ መወዛወዝና መቀመጫ መቀያየር ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአንድ ልክ ይወፍራል ማለት ስህተት ነው፤ በውርስ የሚመጣ ልዩነትም አለ።

ስህተቴን ማወቄ ብቻ ይጠቅመኛልን?

ብቻውን አይጠቅምም፤ በአግባቡ ካልቀረበም ሊጎዳ ይችላል። ራሳቸውን ወፍራም አድርገው የሚያዩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ይበልጥ ክብደት የመጨመር አዝማሚያ እንዳላቸው ያሳዩ የክትትል ጥናቶች አሉ፤ ኀፍረትና ጭንቀት ወደ ምግብ እንደሚገፉ ማሰብም አያዳግትም። በዚህ ምክንያት «አንተ እኮ ወፍረሃል» እያሉ ሰውን ማስደንገጥ እውነት መናገር ቢመስልም ሰውየውን አያግዘውም። የሚረዳው ፍርድ የሌለበት ልኬት ነው።

በተግባር ሲታይ ሦስት ነገር ይበቃል። የምግብ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ከበላ በኋላ ሳይሆን ከመብላቱ በፊት ቢጽፍ፣ ፎቶ ቢያነሣም እንዲሁ፣ ሊረሳ የነበረ ብዙ ነገር ይመዘገባል፤ ዘይትንና የለውዝ ዓይነቶችን ለአንድ ሁለት ሳምንት ብቻ በማንኪያና በወጥ ቤት ሚዛን ቢለካ ደግሞ ዓይኑ ራሱ ይሠለጥናል። ለወገብ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ በቁመትዎ ልክ ክር ይቁረጡ፣ ለሁለት ይጠፉት፣ የታጠፈው ክር ወገብዎን ዞሮ መግጠም አለበት። ካልደረሰ የወገብዎ ዙሪያ ከቁመትዎ ግማሽ በልጧል ማለት ነውና ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ይህ መለኪያ ለነፍሰ ጡር አይሠራም።

መለካት የሌለበት ሰውስ አለን?

አለ። ምግብን ማሰብ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው፣ ቀጭን ሆኖ ሳለ ወፍራም እንደሆነ የሚሰማው፣ ከበላ በኋላ ሆን ብሎ የሚያስመልስ ወይም በስውር ብዙ በልቶ በጸጸት የሚሠቃይ ሰው ካሎሪ መቁጠርም፣ በየቀኑ መመዘንም ሕመሙን ሊያባብስበት ይችላል። አኖሬክሲያን (ራስን በማስራብ የሚገለጽ ሕመም) የመሰሉ የአመጋገብ ሕመሞች ሕይወትን የሚያሰጉ ሲሆኑ፣ በእነርሱ የተያዘ ሰው ስለ ሰውነቱ ያለውን ግምት ቁጥር በማሳየት ብቻ ማረም አይቻልም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። ቤተሰብ ይህን ምልክት ካየ ስለ መልክና ስለ ኪሎ መናገሩን ትቶ ሰውየውን ቶሎ ወደ ሕክምና ቢወስደው ይሻላል። ሳያስበውና ሳይጥር በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል የቀነሰ ሰውም እንዲሁ፣ ሚዛኑን እየተመለከተ ከመደሰት ይልቅ ምክንያቱ እንዲመረመርለት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።